ዝናቡ መቼ አባራ?

ይህ ያጋጠመኝ ዲላ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት አስረኛ ክፍል እያለሁ ነው። ዛሬ ትምህርቴን ጨርሻለሁ፤ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ በወረደ ቁጥር ግን ያ ከሰዓት ይመጣብኛል።

አስቴር የምትባል ልጅ አጠገቤ ትቀመጥ ነበር። ኢዲዶ ከምትባል የገጠር ቀበሌ የመጣች ናት፤ ጆሮዋ አይሰማም። እስከ ስምንተኛ ክፍል በምልክት ቋንቋ የሚያስተምራት መምህር ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ስንገባ ግን አንድም የሚችል መምህር የለም። ከሰሌዳ እየገለበጠች፣ ከንፈር እያነበበች ነበር የምትማረው። ምልክት ልታስተምረኝ ሞክራ፣ እጄን ከእንጨት ጋር እያመሳሰለች ትስቅብኝ ነበር።

ያን ሳምንት የሒሳብ ቲቸራችን ጠራኝ። "አስቴር እዚህ በከንቱ ከምትቀመጥ ወደ ቤቷ ብትመለስ አይሻልም? ቤተሰቧን ላነጋግር ነው" አለኝ። ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ጨንቆት ነው። ስነግራት ፊቷን አዞረችብኝ።

ክፍላችን ኮርኒስ የለውም። ዝናብ ከጣለ ትምህርት አበቃ ማለት ነው። በማግስቱ አዲስ ትምህርት መሃል ላይ ዝናቡ ወረደ። "ቲቸር አይሰማም!" ብለን ጮህን። ከኋላዬ አንዱ "ቲቸር፣ ዝናቡን ውጣ በለው!" አለ። ቲቸር ጠመኔውን ጥሎ ተቀመጠ። አስቴር እኛን እያየች እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ሁላችንም እንደሷ ሆነንላታ!

ከዚያ ተነስታ ጠመኔውን ለቲቸር ሰጠችው።

"አይሰማም እኮ!" አላት። ጆሮዋን ነካች፤ ሰሌዳውን አሳየችው።

ቲቸር ትንሽ አያትና ጻፈ። አንድ መስመር ሲጨርስ አስቴር ወደኛ ትዞራለች። የገባው አውራ ጣቱን ወደ ላይ፣ ያልገባው ወደ ታች። ወደ ታች ከበዛ የቲቸርን እጅጌ ትጎትታለች፤ እንደገና ይጽፋል። ረባሾቹ የኋላ ወንበር ልጆች ሳይቀሩ አንገታቸውን አስግገዋል። ቁጭ ማለት የማይሆንልኝ እኔ እንኳ አልተንቀሳቀስኩም። ሒሳብ እንደዚያ ገብቶኝ አያውቅም።

የሌላ ክፍል ልጅ በሩን ከፍቶ "ምን ሆናችሁ?" ሲል ነው የነቃነው። ድምፁ ጥርት ብሎ ተሰማ። ዝናቡ አባርቷል! መቼ እንዳባራ ማናችንም አናውቅም። ያ ሁሉ ልጅ፣ ጸጥ ብሎ።

ቲቸር ሲወጣ እኛ ጋ ቆመ። "ቤተሰቧን አላነጋግርም፣ ንገሪያት" አለኝ። አስቴር ደረቷን መታ መታ አደረገች፤ ለኔ ንገረኝ ማለቷ ነው። ፊቱን ወደሷ አዙሮ ቀስ ብሎ ደገመላት።

የምልክት ቋንቋ መምህር እስክንጨርስ አልመጣም፤ ይህ እስካሁን ያናድደኛል። ግን ዝናብ ሲወርድ ሰው "አይሰማም!" ብሎ ከጮኸብኝ፣ መልሼ አልጮህም። አውራ ጣቱ ወደ ላይ ነው ወደ ታች ብዬ እጁን አያለሁ።