የሺ ያንኳኳችው ድንጋይ

ይህ የሆነው አምና፣ የሲቪል ምህንድስና ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ነው። ማንም የማያውቅብኝ ጥፋት ስላለበት እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም።

የሺና እኔ ከትውልድ ከተማችን ከሞላሌ ወደ ዩኒቨርሲቲው አብረን የመጣን ጓደኛሞች ነን። አባቷ ጋሽ ተክሌ ግንበኛ ናቸው፤ የቤታችንን የድንጋይ አጥር የሠሩት እሳቸው ናቸው። ልጅ ሳለን እሷ ድንጋይ ስታቀብላቸው እኔም ልረዳ ብወጣ፣ አባቴ ደብተርሽን ያዢ ብሎ አስገባኝ። በትምህርትም ሁልጊዜ እበልጣት ነበር።

አንድ ቀን መምህራችን ቪአር የሚባለውን ዓይን ላይ የሚታሰር መነጽር አመጡ። መነጽሩ ውስጥ፣ በእጅ የሚያዝ መቆጣጠሪያ ቁልፎችን እየተጫኑ ድንጋይ አንስተው ግንብ የሚገነቡበት ጨዋታ አለ፤ መጨረሻ ላይ ጎርፍ ይለቀቅበታል። ግንቡ የቆመለት አዲስ አበባ ሄዶ ጨዋታውን በኤግዚቢሽን ያሳያል ተባለ። ዕድሉ የእኔ ነው ብዬ ለቤተሰብ ሳይቀር ደውዬ ነበር።

የእኔ ተራ ቀደመ። ቶሎ ከፍ እንዲልልኝ ድንጋዮቹን አቁሜ ደረደርኳቸው። ጎርፉ ጠርጎ ወሰዳቸው።

ቀጥሎ የሺ ነበረች። መነጽሩን እያሰረች፣ ድንጋዩን የሚያስቀምጠው የትኛው ቁልፍ እንደሆነ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ። አንጀቴ እርር ብሎ ነበርና እያወቅኩ የሚወረውረውን ነገርኳት።

የመጀመሪያው ድንጋይ ተስፈንጥሮ ሄደ። እሷ ግን ሳቀችና ትክክለኛውን ቁልፍ ራሷ ፈልጋ አገኘችው። ከዚያ እያንዳንዱን ድንጋይ ከማስቀመጧ በፊት በሌላ ድንጋይ እያንኳኳች ጆሮዋን ታዘነብል ጀመር። ጨዋታው የድንጋይ ድምፅ የለውም። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ ከሁሉም በላይ የሳቅኩት እኔ ነኝ።

መምህሩ ምን እንደምታዳምጥ ጠየቋት።

«ውስጡ የተሰነጠቀ እንደሆነ ነዋ። አባዬ ሳያንኳኳ ድንጋይ አያስቀምጥም» አለች።

ሁሉንም በጀርባቸው አስተኝታ ገነባቻቸው። ጎርፉ መጥቶ አለፈ፤ ግንቧ ንቅንቅ አላለም።

መነጽሩን አውልቃ መጥታ አቀፈችኝ። «ቁልፉ ለካ አንቺም ተምታቶብሽ ነበር» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።

አዲስ አበባ ሄዳ ተመለሰች። እውነቱን እስከዛሬ አልነገርኳትም፤ ቅናቱም አልለቀቀኝም። ባለፈው ክረምት ቤት ስሄድ፣ ሰው እንዳያየኝ ዞር ዞር ብዬ አይቼ ጋሽ ተክሌ የሠሩትን አጥር በጠጠር አንኳኳሁት። ጆሮዬን አስጠግቼ ከዳር እስከ ዳር አዳመጥኩ። ለእኔ የሁሉም ድምፅ አንድ ነው።