ድልድዩ ሲመረቅ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ

ሰዓቱን ልሳሳት እችላለሁ፤ ሦስት ሰዓት ተኩል ይመስለኛል። ለቡ ላይ ለዓመታት የጠበቅነው ድልድይ ሊመረቅ ነበርና፣ ሪባኑ ሲቆረጥ እንዳያመልጠኝ አንድ ሰዓት ቀድሜ ከጀሞ ታክሲ ያዝኩ። ድልድዩ ጋ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ትራፊክ ፖሊስ አስቆመን።

«የክብር እንግዳው ሳያልፉ ማንም አያልፍም፤ በእግርም ቢሆን።»

ከጎኔ የተቀመጡት ባለ ግራጫ ሱፍ ሰውዬ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «የክብር እንግዳው እኮ እኔ ነኝ። መኪናዬ ተበላሽቶብኝ ነው።»

ታክሲው በሳቅ ተሞላ። «እኔም ሚኒስትር ነኝ ጋሼ» አለ ሹፌሩ፤ «ቅዳሜ ቅዳሜ ታክሲ እነዳለሁ።»

ሰውዬው ከኪሳቸው የንግግራቸውን ወረቀት አወጡ። ስቆጥረው ዘጠኝ ገጽ ነው። ያኔ ተሳፋሪው ሁሉ አመነ። ፖሊሱ ግን «አባቴ፣ የክብር እንግዳ በታክሲ አይመጣም፤ ይቀመጡ» አላቸው።

ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይተን «ምረቃው አልቋል» ተብሎ መንገዱ ሲከፈት፣ የደረስነው ድንኳኑ እየተነቀለ ሳለ ነበር። ሰውዬው ወረቀታቸውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

በማግስቱ የዝግጅት ኮሚቴውን የቴሌግራም ገጽ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የሰውዬው ፎቶ ተለጥፏል። ከሥሩ «የክብር እንግዳው በሰዓቱ ተገኝተው ድልድዩን መርቀዋል፤ ሰፊ ንግግርም አድርገዋል» ይላል።