ከመስታወት የተላቀቀው ጋርኔት

ጋሽ ዘርዓብሩክ ከዊንጌት ብዙም በማይርቅ የድንጋይ መመርመሪያ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ድንጋይ ሲያሳሱ ኖረዋል። በመጋዝ ይቆርጡታል፣ መስታወት ላይ በሙጫ ያጣብቁታል፣ ከዚያ ብርሃን እስኪያሳልፍ ይፍቁታል። መጋዙ እንዳይግል ውሃ ይፈልጋል፤ ውሃ ወደ ሰፈሩ የሚመጣው ደግሞ በሳምንት ሁለት ቀን ስለሆነ፣ በር ላይ ሁልጊዜ ሦስት በርሜል ሞልቶ ይቆማል።

ጡረታ ሊወጡ አራት ወር ሲቀራቸው ሰምሀል የምትባል የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ አንዲት ቁራጭ ድንጋይ በጋዜጣ ጠቅልላ መጣች። ጠቆር ያለ አረንጓዴ ነው፤ በውስጡ እንደ ሮማን ፍሬ የቀሉ ጋርኔት የሚባል ማዕድን አምስት እንክብሎች ጎልተው ይታያሉ። ድንጋዩ ጥንት ወደ ምድር ጥልቀት ወርዶ፣ እዚያ በከባድ ግፊት ተለውጦ የወጣ ነው። ጋርኔቱም እታች ሲያድግ አጠገቡ ያገኛቸውን ጥቃቅን ማዕድናት ውጦ አስቀርቷል። ሰምሀል ማወቅ የፈለገችው ጋርኔቱም የዋጣቸውም ማዕድናት ምን ያህል ውሃ እንደያዙ ነበር።

ጋሽ ዘርዓብሩክ ሳቁ። በወጣትነታቸው ለአምስት ተማሪ አንድ ሆኖ በተራ ይነበብ የነበረው መጽሐፍ፣ ድንጋይ ወደ ታች ሲወርድ ውሃው ተጨምቆ ያልቃል ብሎ ነበር ያስተማራቸው።

«ውሃ ከሆነ የቸገረሽ፣ በርሜሉ ያውልሽ» አሏት።

እሷም ሳቀችና፣ ውሃው ጠብ የሚል እንዳልሆነ፣ በማዕድኑ አቶሞች መካከል ተሰግስጎ እንደሚቀመጥ ነገረቻቸው። ከአንዱ ድንጋይ የሚገኘው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ የተራራ ያህሉ ሲደመር ግን ሐይቅ ይሞላል። ከዚያ አደራዋን አስከተለች። ቁራጩ ወፈር ብሎ በሁለቱም ፊት ይወልወል፤ መስታወት ላይ የሚያዘው ሲሞቅ በሚለቅ ሰም ብቻ ይሁን። የሚለካው በዓይን በማይታይ ጨረር ስለሆነ፣ ቋሚው ሙጫ ከተረፈበት መሣሪያው እሱንም ውሃ ነው ብሎ ይቆጥረዋል። የቀረው ድንጋይ ለሌላ ምርመራ ተፈጭቶ አልቋል። የመለኪያ ቀጠሮዋም ከነገ ወዲያ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ጋሽ ዘርዓብሩክ ሐሳባቸው እዚያ አሮጌ መጽሐፍ ላይ እንዳለ አንዱን ፊት ወለወሉ፤ እጃቸውም እንደለመደው ቋሚውን ሙጫ አነሣ። ስህተታቸውን ያዩት ከምሳ ሲመለሱ ነው። ሙጫው ደርቋል።

ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሁለተኛውን ፊት ወልውለው፣ መስታወቱን ብቻ ፍቀው ከነሙጫው ቢሰጧት ማንም አያውቅም። እንዲያውም መሣሪያው ብዙ ውሃ ያሳያትና ደስ ይላታል። መቀመጥ ያስጠላቸው ይኸው ደስታዋ ነበር፤ ተነሥተው ደወሉላት።

ሰምሀል በታክሲ ደረሰች።

«በቋሚው አጣበቅኩት፣ ልጄ።»

«ሌላ እኮ የለኝም፣ ጋሼ።»

«አውቃለሁ።»

ባይነግሯት ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ጠየቀቻቸው።

«ብዙ ውሃ ታገኚ ነበር። የሙጫ።»

ሳትፈልግ ሳቋ አመለጣት። እሳቸው ግን አልሳቁም። የቀረው መንገድ አንድ ነው፤ የቁራጩን ሌላ ፊት ወልውሎ በሰም ሌላ መስታወት ላይ ይዞ፣ የተጣበቀበትን መስታወት ከነሙጫው ከጀርባ ፍቆ መጨረስ። ትንሽ ካለፉ ጋርኔቱም አብሮ ይሄዳል። መስታወቱን በመፍጫ መኪናው ፈጩ። ሙጫው ጋ ሲደርሱ መኪናውን አጠፉና በእጃቸው ያዙት። ከዚያ ወዲያ ዓይን ብዙም አይረዳም፤ መስታወት ሲፋቅ ይንሿሿል፣ ሙጫ ድምፅ የለውም፣ ድንጋይ ይሻክራል። ሁለት ፍቀው በጣታቸው ይዳብሳሉ፤ ደግሞ ሁለት ይፍቃሉ። ሰምሀል ውሃ እያፈሰሰችላቸው አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ።

ሁለቱ የዳር ጋርኔቶች ተፈረካከሱ። ሦስቱ ተረፉ። ፊቱን ወልውለው ሰሙን ሲያሞቁት ቁራጩ ተንሸራቶ ወጣ። ሰም በሚያሟሟው አሴቶን አጥበው በማይክሮስኮፕ አሳዩዋት፤ በመካከለኛው ጋርኔት ውስጥ የታፈኑት ጥቃቅን ማዕድናት እንዳሉ ናቸው።

ጋሽ ዘርዓብሩክ ፖስታ አውጥተው ጻፉበት፦ በስህተት በቋሚ ሙጫ ተጣብቆ የነበረ፤ ሙጫው ተፍቋል፤ ጠርዙ ላይ ግን ሊተርፍ ስለሚችል ሲለካ ከጠርዙ ይራቅ። ስማቸውንም ከሥር አኖሩ።

«ይሄን መጻፍ ግድ ነው?» አለች ሰምሀል።

«ጨረሩን የሚያነጣጥረው ሰው ይወቀው።»

ቁራጩን ከትታ ፖስታውን ደረት ኪሷ ውስጥ አስገባችና ቆለፈችው። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማም እጇን ከኪሱ ላይ አላነሣችም።