ጀርመን ሠራው የተባለው ሳጥን

ባለፈው ማክሰኞ ሞጣ ላይ የገጠመኝን ልንገራችሁ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የምናገረውን የምትጽፈው የልጄ ልጅ ናት። እንዳታሳምረው ብያታለሁ።

የቢቸና አናጢ ነኝ። ነበርኩ ማለት አልወድም።

ዘይነባ ደወለችልኝ። የሟቹ ጓደኛዬ የሐጂ ሰይድ ልጅ ናት። ሐጂ ሞጣ ውስጥ የታወቀ ነጋዴ ነበር፤ እሱ ከሞተ ወዲህ ሱቁ ተራቁቶ ተዘግቷል።

«አባባ፣ የአባቴን ራዲዮግራም የሚገዛ ሰው ከአዲስ አበባ መጥቷል» አለችኝ። «ዕቃውን ከድሮ ጀምሮ የሚያውቅ ሽማግሌ አምጪ ብሎኛል። ከእርስዎ ሌላ ማን ቀረኝ? እሱን ከሸጥኩ ሱቁን እከፍታለሁ።»

ራዲዮግራም ለማታውቁ... ራዲዮውም፣ ሸክላ ማጫወቻውም፣ ድምፅ ማጉያውም በአንድ ረጅም ሳጥን ውስጥ ያለ፣ ባለ አራት እግር ዕቃ ነው። ክዳኑ ሲዘጋ ቡፌ ይመስላል። የድሮ ሀብታም ሳሎኑ ውስጥ የሚያኖረው ነው።

በጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ ደብረ ወርቅን አልፌ ሞጣ፣ ሐጂ ቤት ገባሁ።

ሰውዬው ጎልማሳ ነው። ጨዋ ነው፤ ሲያየኝ ከመቀመጫው ተነሣ። ይህን ዓይነት ዕቃ ከየከተማው እየለቀመ ይሰበስባል። «ሚስቴ የምንቀመጥበት ቦታ አጣን ትላለች» አለን እየሳቀ። የስልኩን መብራት አብርቶ የሳጥኑን ጀርባ ከፍቶ አየ፤ የመስታወት አምፖሎቹን አየ፤ የድምፅ ማጉያውን ጨርቅ በጣቱ ዳሰሰ። «ጨርቁ አልተቀየረም፤ ጥሩ ነው። ማዞሪያዎቹም የራሱ ናቸው» ይላል። ከዚያ እንጨቱ ጋ ደረሰና መዳፉን ከዳር እስከ ዳር አስኬደበት።

«አባቴ፣ ዋጋው ያለው እዚህ ላይ ነው» አለኝ። «ዘፈኑንማ ሰው በስልኩ ይሰማል። ይህን የሚገዙት ለእንጨቱ ነው፤ ለቅርፁ። ይህን ማዕዘን ይዩልኝ፤ አንድ ሚስማር የለውም። የጀርመን አናጢ ነው እንዲህ የሚሠራ። ዛሬ እንዲህ ያለ እጅ ከየት ይገኛል?»

ዘይነባ ፊቷ በራ። «አባቴም ከጀርመን የመጣ ነው ይል ነበር። እንግዳ በመጣ ቁጥር ያንኑ ነው የሚያወራው» አለች።

ደሜ የፈላው እዚህ ላይ ነው።

ያ ራዲዮግራም ዓባይ በረሃን ሲወርድ ከጭነት መኪና ላይ ወድቆ ሳጥኑ ብትንትኑ የወጣ ነው። የተረፈው ሆዱ ብቻ ነበር። ሐጂ ስብርባሪውን በጆንያ ቋጥሮ ቢቸና ድረስ አመጣልኝና «ወይ አድነው፣ ወይ አንድደው» አለኝ። ስብርባሪውን መሬት ላይ እየገጣጠምኩ ልኩን ወሰድኩ። ዋንዛ ጠርቤ አዲስ ሳጥን ሠራሁለት። እግሩንም፣ ክዳኑንም፣ ያን ሚስማር የሌለውን ማዕዘንም። የወሰደው ቀን አቅፎኝ አለቀሰ። ዘይነባ ያኔ አልተወለደችም። ስንት ጊዜ ቤቱ ገብቼ ሸክላ ሰምቻለሁ... እኔ ባለሁበት አንድም ቀን ጀርመን ብሎ አያውቅም።

«እጁ አለ» አልኩት ሰውዬውን።

«የምን እጅ አባቴ?»

«ከየት ይገኛል ያልከው። ይኸውልህ። ጀርመኑ እኔ ነኝ።»

ሰውዬው ሳቀ። ዘይነባ አልሳቀችም። ከኋላው ቆማ በዓይኗ ትለምነኛለች። አልገባኝም አልልም፤ ገብቶኛል። ግን የገዛ እጄ ሥራ ፊት ቆሜ ሌላ ሲመሰገንበት እንዴት አድርጌ ዝም ልበል?

«ቀልደኛ ነዎት» አለኝ።

«ቀልድ አላውቅም። አጋድመውና ታቹን እየው። በስተግራ ጥግ ያለው ጣውላ ዋንዛ አይደለም። ዋንዛው ቢያልቅብኝ ጥድ ነው የጨመርኩበት።»

አጋደመው። በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አደረገው፤ አሸተተው። ቀና ሲል ፊቱ ሌላ ነበር። እንጨቱ ግን ያው እንጨት ነው። አልተሰነጠቀ፣ አልነቀዘ... ቅድም በመዳፉ ሲደባብሰው የነበረው ራሱ ነው።

«ሥራዎ ግሩም ነው» አለኝ። «ግን ኦሪጅናል አይደለም። እንደ እኔ ያለ ሰብሳቢ አይገዛውም።»

«ቅድም አምሮህ አልነበረም? አሁን ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም። ዋጋው በማማሩ ብቻ አይደለም አባቴ፣ በመጣበት ነው።»

«የመጣው ከቢቸና ነው።»

«ችግሩ እሱ ነው እኮ።»

ይህን ያለኝ በትሕትና ነው። ባለጌ ቢሆን ኖሮ በከዘራዬ እገላገለው ነበር።

ከዘይነባ ጋር ጥግ ይዘው ተነጋገሩ። በመጨረሻ ሆዱን ብቻ ገዛ... አምፖሎቹን፣ ማጫወቻውን፣ ጨርቁን ሳይቀር። ቤቱ ላለው ለሌላ ራዲዮግራም መለዋወጫ ይሆኑታል አሉ። ፈታቶ በካርቶን አድርጎ ሄደ። በዚያ ገንዘብ ሱቅ እንደማይከፈት ከዘይነባ ፊት አወቅሁት።

«አባባ» አለችኝ፤ አልጮኸችም። «አባቴ ዕድሜ ልኩን ጀርመን ነው ሲል ኖሯል። እርስዎ አንድ ቀን ዝም ቢሉ ምን ነበረበት?»

«አባትሽ ዋሽቷል» አልኳት።

የሙት አባት ስም እንዲህ አይነሣም፤ አውቃለሁ። እሷም ከዚያ በኋላ አላናገረችኝም። ባዶውን ሳጥን በሰው አሸክማ በር ላይ አስወጣችውና «የእርስዎ ነው፣ ይውሰዱት» ብላ ገባች።

ሳጥኑ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ተጭኖ ተመለስን። ሹፌሩ ገመዱን እያጠበቀ ሳጥኑን መታ መታ አደረገና «ይሄ የፈረንጅ ሥራ ነው አይደል አባባ? የእኛ ሰው እንዲህ አይችልበትም» አለኝ።

ዝም አልኩት። ዝም ማለት የቻልኩት ያኔ ነው... ማንንም በማይጠቅምበት ሰዓት።