በአስተዳዳሪው በር

አባቴ ጎንደር ውስጥ ባለ አንድ ደብር ቄስ ናቸው። ለደብሩ ድረ ገጽ አንዲት ትንሽ ፕለጊን፣ ማለት በገጹ ላይ የምትገጠም ተጨማሪ ፕሮግራም፣ ሠርቼ ነበር፤ ራቅ ያሉ ምእመናን የክርስትና ስማቸውንና ችግራቸውን ጽፈው ጸሎት የሚጠይቁባት። ጎብኚ በመፈለጊያው ስም ቢፈልግ ስሙ ብቻ ይታየዋል፤ ችግሩን የሚያነቡት በአስተዳዳሪው ክፍል የሚገቡት ካህናት ናቸው። ሐሳቤስ እንዲያ ነበር።

በተከፈተች ማግስት፣ ማራኪ ሰፈር በተከራየኋት ክፍል ቁጭ ብዬ፣ እንደ ማንኛውም ጎብኚ በስልኬ ልሞክራት አልሁ። መፈለጊያው ላይ መጀመሪያ የመጣልኝን፣ የእህቴን የክርስትና ስም ጻፍሁ። ለካ እሷም ጸሎት ጠይቃ ኖሯል፤ ከስሟ ሥር ችግሯ ተዘርግፎ መጣ። ምን እንደሚል እዚህ አልጽፍም። ክው አልሁ፤ ድረ ገጹንም ማንም እንዳይገባበት ወዲያው ዘጋሁት።

ድንጋጤው በረድ ሲልልኝ ግን፣ ጠባዬ ነውና፣ እንዴት ሊሆን ቻለ የሚለው ይከነክነኝ ጀመር። ኮዱ ውስጥ «አስተዳዳሪ ነው?» የምትል ትእዛዝ አለች። ስለ ሰውየው የምትጠይቅ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን የምታየው ጥያቄው በየት በኩል እንደ መጣ ብቻ ነው። የጎብኚው መፈለጊያ ደግሞ ለካ መልሱን የሚያመጣው በአስተዳዳሪው በር ዞሮ ኖሯል። ትእዛዟ «አዎ» ያለችው እውነቷን ነው። እያፈርሁም ቢሆን ምክንያቱን በማግኘቴ ደስ አለኝ።

ለአባቴ ስነግራቸው ሳቅ ብለው፣ «ምነው ልጄ፣ በመቅደሱ በር የገባ ሁሉ ቄስ ነው?» አሉኝ። እኔ ግማሽ ቀን የፈጀሁበትን ነገር በአንድ ቃል ጨረሱት። ሳቃቸው ግን ቶሎ ጠፋ። «ሌላ ሰው አንብቦታል?»

ማን ምን እንደ ፈለገ የሚይዘውን መዝገብ አይቼ ነበር። «ከእኔ በቀር ማንም አላየውም።»

«አንተስ ማን ነህ?»

ኮዱ ላይ የሰውየውን ፈቃድ የሚጠይቅ መስመር ጨመርሁ፤ ከተፈቀደላቸው ዝርዝር ውስጥ የራሴንም ስም አወጣሁ። ያነበብሁትን ግን ከራሴ ማውጣት አልቻልሁም።

ቅዳሜ እህቴ ምግብ ቤት ወደ ከፈተችበት ኮሶዬ ወጣሁ። ሽሮ አቅርባልኝ፣ «ምነው ዝም አልህ?» አለችኝ። ሁሉንም ነገርኋት። እጇን በሽርጧ ጠራርጋ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«እንግዲህ ካነበብኸው፣» አለችኝ፣ «አንተም ጸልይልኝ።»