የወይዘሮ አስካለ አይብ

እናቴ በሰው ፊት የተሳቀባት የገና ዕለት፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። ሰዓቱን የማውቀው በግራዝማች ታፈሰ ሳሎን ውስጥ፣ ከጃንሆይ ፎቶግራፍ በታች፣ ትልቅ የግድግዳ ሰዓት ስለነበረና በበሩ ስንጥቅ አሾልቄ ሳይ ዓይኔን የማሳርፍበት ሌላ ነገር ስላጣሁ ነው። ዛሬም የኑግ ዘይት በመጥበሻ ላይ ሲንጫጫ ስሰማ፣ ሽታው ከአፍንጫዬ ሲደርስ፣ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ያ ሳቅ ነው። የምግቡ ጣዕም የሚመጣው ቆይቶ ነው።

እናቴ ጫልቱ ቢላ የሚባል አገር ልጅ ነበረች። እኔ በአገራችን ልማድ፣ እናቴ ለማለት፣ «ሃርሜ» ነበር የምላት። አባቴ ከሞተ በኋላ ነቀምቴ ገብታ፣ ባኬ ጃማ በሚባለው ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ በሚሲዮን ክሊኒክ ለምትሠራ ፈረንጅ ነርስ ምግብ ታበስል ነበር። ነርሷ በአገሯ ለበዓል የሚበላ የተጠበሰ አይብ እንዳለ እያወራች ትተክዝ ነበርና፣ አንድ ክረምት፣ ላሞች ሁሉ በሚታለቡበትና አይብ በየቤቱ በሚተርፍበት ጊዜ፣ ሃርሜ ከወንድሟ ዘንድ የተላከላትን አይብ ጨው ነስንሳ በነጠላ ቁራጭ ቋጠረችና፣ በሁለት ጠፍጣፋ ድንጋዮች መካከል አስቀምጣ፣ የወፍጮውን መጅ ከላይ ጭናበት አሳደረችው። በማግስቱ ውሃው ተንጠፍጥፎ አልቆ እንደ ሳሙና ደድሮ ተገኘ። በጣት ውፍረት ቆርጣ፣ በተመታ እንቁላል ነክራ፣ ደርቆ በተፈጨ ዳቦ ላይ አንከባላ ዘይት ውስጥ ስትጥለው፣ ወርቅ መስሎ ወጣ። ውጪው እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሽ ነበር፣ ውስጡ ግን እንደ እርጎ ለስላሳ ነበር። ነርሷ ቆማ በላችው፣ ቆማም አለቀሰች። እሷ አገሯ ስትገባ ሃርሜ ሥራ አጣች፣ አይቡ ግን በእጇ ቀረ።

ግራዝማች ታፈሰ ከሸዋ ተሹመው የመጡ፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው ነበሩ። ቤቱን የምትገዛው ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ ነበረች። ትልቅ ሰው ናትና አንቱ ብዬ ልጽፋት ይገባኝ ነበር፣ ሞከርኩ፣ እጄ እምቢ አለኝ። በቤቷ ልማድ የከተማው ሹማምንት ከነሚስቶቻቸው የገናን ቅዳሴ ሲጨርሱ በቀጥታ እሷ ዘንድ መጥተው ነበር ጾማቸውን የሚገድፉት። ታዲያ የበዓሉ ምግብ ሁሉ የሚሰናዳው በዋዜማው፣ ቤቱ በሙሉ ጾም ላይ እያለ ስለሆነ፣ ከማድ ቤቱ ሰዎች አንድም ጣቱን ወደ አፉ የሚያስጠጋ አልነበረም። ጨው በግምት እየተነሰነሰ፣ አንድ ዓመት አልጫ እየሆነ፣ አንድ ዓመት እየበዛ ያስቸግራት ነበር። በመጨረሻም «የሚሲዮን ሰዎች አይጾሙም፣ አንዷን ፈልጋችሁ አምጡልኝ፣ ትቅመስልኝ» ብላ ሃርሜን አስጠራቻት።

ሃርሜ የሄደችው ለመቅመስ ነበር። እኔም አብሬያት ሄጄ ማድ ቤት ጥግ ነጭ ሽንኩርት እልጥ ነበር። ነገር ግን ማጀቱ ውስጥ አንድ ቅል ሙሉ አይብ አይታ፣ እጇን በልቷት፣ «እመቤት፣ ይሄንን እኔ ብጠብሰውስ?» አለች፣ ወይዘሮ አስካለም ወንበር አስመጥታ ተቀምጣ፣ ከመቋጠሩ ጀምሮ እስከ መጥበሱ እያንዳንዱን ነገር በዓይኗ ተከታተለች። ያን ጊዜ ሙያዋን ያደነቀችላት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት እንግዶቹ ሲገቡ ሃርሜ ትሪውን ይዛ ሳሎን ገባች። የዳኛው ባለቤት እትዬ ጽጌ፣ ሰውነታቸው ትልቅ፣ ለምግብ ያላቸው ፍቅር ደግሞ ከሰውነታቸው የሚበልጥ ሴት፣ አንዱን አንስተው ቆረሱና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ይሄ ደግሞ የየት አገር ነው? አስካለ፣ ማን ሠራልሽ?»

«ማን ይሠራልኛል! እኔው ነኛ። ወገቤ እስኪቆረጥ።»

ሃርሜ ክፋት አስባ አልነበረም። ሰው ራሱ የሠራውን ሥራ ሠራሁ ማለት በእኛ ዘንድ ነውር ስላልሆነ፣ ትሪውን እንደያዘች ፈገግ ብላ፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ «እኔ ነው የጠበሰው፣ እመቤት» አለች።

ወይዘሮ አስካለ ሳቀች። «አይ እሷ! ይቺ ጸረ ማርያም ምን ታውቅና! ጨው እንድትቀምስልኝ ነው ያስጠጋኋት። ምላሷን እንጂ እጇን መች ቀጠርኩ!» አለች። ሳሎኑ በሳቅ ተናወጠ። አንዱ ሹም «እሷስ ምላሷን ይዛ መጥታለች» ብሎ ጨመረበት። እትዬ ጽጌም አይባቸውን እያኘኩ ሳቁ። ሃርሜም አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና አብራቸው ሳቀች። ስንጥቁ ላይ ሆኜ ሌላውን ሁሉ ችዬ ነበር፣ ያንን ግን አልቻልኩም። እንግዶቹ ሳይወጡ በጓሮ በር እንድንሄድ ተደረግን፣ «ምላሷ የረዘመ ሴት» የሚለው ወሬም ከእኛ ቀድሞ ሰፈራችን ገባ።

በዚያ በጋ ለሃርሜ በሩን የከፈተላት ቤት አልነበረም። ከየቤቱ ልብስ እየለመነች ወንዝ ወርዳ ታጥብ ጀመር፣ ክረምቱ ሲገባም ጣቶቿ በብርድና በሳሙና ተሰነጣጥቀው ማታ ማታ ቅቤ እቀባላት ነበር። ወይዘሮ አስካለ ግን በፋሲካም፣ በክርስትናም፣ በማኅበርም አይብ ታስጠብስ ነበር፣ ስሙም በከተማው «የአስካለ አይብ» ተባለ። አንድ ቅዳሜ ገበያ ቅቤ ሻጯ፣ ነገሩን ሳታውቅ፣ «አንቺ ጫልቱ፣ አስካለ አይብ ጠብሳ ሹማምንቱን ጉድ አሰኘች አሉ፣ ቀምሰሽ ታውቂያለሽ?» አለቻት። ሃርሜ «ኤዬ፣ ቀምሻለሁ፣ ጥሩ ነው» ብላ ቅቤውን ተቀብላ ሄደች። እኔ ከኋላዋ እየተከተልኩ ጥርሴን ነከስኩ።

ቤት ስንገባ አለቀስኩና ለምን እውነቱን እንዳልነገረቻት ጠየቅኋት። «ኢንተላኮ» አለችኝ፣ ልጄ ማለቷ ነው፣ «በቀል የዋቃዮ ነው። ለእግዜር የሆነውን ለእግዜር ተይለት።» እኔ ግን ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ እግዜርም በዚያ ክረምት ብዙ ሥራ የነበረበት ይመስለኝ ነበር። ዓይናፋር ስለሆንኩ፣ ክፍል ውስጥ እንኳ ስሜ ሲጠራ «አቤት» ማለት ይከብደኝ ስለነበር፣ እኔ ምን ላደርግ እንደምችል አላውቅም ነበር። የማውቀው የወይዘሮ አስካለን ስም ሌሊት ከጸሎቴ በኋላ እንደማነሳ፣ ለበጎ እንደማላነሳም ብቻ ነበር።

መስቀል አለፈ፣ ጤፉ ታጨደ፣ የነቢያት ጾም ገባ። የገና ዋዜማ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ውሃ ቀድቼ ስመለስ፣ የወይዘሮ አስካለ ቤት ሠራተኛ ሙሉ እየሮጠች መጥታ አገኘችኝ። ሙሉ ቀጭን፣ ከጎጃም የመጣች፣ ከጠዋት እስከ ማታ ስትሰደብ የምትውል ልጅ ነበረች። ለቅመሳ ከሚሲዮን ሰፈር አምስት ሴቶች ተጠርተው አምስቱም በሃርሜ የደረሰውን ሰምተው ስለነበር፣ አንዷ አመመኝ፣ ሌላዋ እንግዳ አለብኝ እያሉ ቀርተው ኖሯል።

«ነይ አንቺ» አለችኝ። «ሴትዮዋ አብዳለች። ልጅም ቢሆን አምጪ ብላለች።»

«እናቴ ትቆጣኛለች» አልኩ።

ሙሉ ቆም ብላ አየችኝ። የማን ልጅ እንደሆንኩ በደንብ ታውቅ ነበር። «አይ፣ አትቆጣሽም» አለች ቀስ ብላ። እንስራዬን አውርዳ አጥር ሥር አስቀመጠችልኝ።

ወይዘሮ አስካለ ማድ ቤት ውስጥ፣ አንድ ትልቅ ገበታ አይብ ፊቷ ተቀምጦ፣ እጅጌዋን ሰብስባ ትጠብቅ ነበር። ባለፈው ዓመት ቀኑን ሙሉ ከእግሯ ሥር ሽንኩርት ስልጥ የዋልኩ ልጅ መሆኔን አላወቀችም። አይታኝ አታውቅም ነበርና። ማንኪያ ሰጠችኝ።

ቀመስኩ። ጨዉ ልክ ነበር። ሃርሜ ራሷ ብትቀምሰው አንዲት ቅንጣት አትጨምርም ነበር። አንገቴን ደፍቼ፣ «ያንሰዋል» አልኩ።

አንድ እፍኝ ጨው ገባ፣ ተማሰለ። «አሁንስ?»

«ያንሰዋል።»

ሁለተኛው እፍኝ ገባ። ስቀምሰው ጉሮሮዬ ተቃጠለ፣ እንባዬ መጣ፣ ጭሱ እንደሆነ አስመስዬ ዓይኔን አሸሁ። «ትንሽ ብቻ» አልኩ።

«ኧረ! የእነዚህ ሰዎች ምላስ የከብት ነው መሰል፣ ጨው አይጠግብም!» አለችና፣ ጥርጣሬ ገብቷት ወደ ሙሉ ዞረች። «አልበዛም ትያለሽ?»

ሙሉ እጇን ጨው ማስቀመጫው ውስጥ እንደከተተች መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ እመቤቷን አየች። «የአምናውም እንዲህ ነበር፣ እትዬ» አለች፣ ሦስተኛውንም እፍኝ ራሷ ጨመረችው። እኔና እሷ ከዚያ በፊት ስለዚያ ነገር ተነጋግረን አናውቅም፣ ከዚያ በኋላም አንድ ቀን አላወራንም።

አይቡ ተቋጠረ፣ ድንጋይ ተጫነበት፣ ለእኔም አንድ ስኳር ተሰጠኝ። ስኳሩን ከበሩ ስወጣ ለውሻቸው ጣልኩለት።

የዚያ ሁሉ ውጤት ምን እንደሆነ አስቀድሜ ልናገር። ከዚያ ዓመት በኋላ ሹማምንቱ ጾማቸውን ወይዘሮ አስካለ ቤት መግደፍ ተዉ፣ ልማዱ ወደ ዳኛው ቤት ዞረ፣ ጥር ሳያልቅም እትዬ ጽጌ ሰው ልከው ሃርሜን በስሟ አስጠሯትና አሥር ዓመት እዚያ ሠራች፣ እኔም በዚያ ደመወዝ ተምሬ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። አንዳንድ ሰው «እንግዲህ ይቅር አልሻት?» ይለኛል። አላልኳትም። ዛሬ የምሠራበት መሥሪያ ቤት ውስጥ ሌት ተቀን ደክሜ የጻፍኩት ሪፖርት በሌላ ሰው ስም ሲነበብ ከጥግ ወንበሬ ሆኜ እሰማለሁ፣ ሲጨበጨብም አብሬ አጨበጭባለሁ። እንደ ሃርሜ መሆኔ ነው። ዲግሪ አለኝ፣ አማርኛዬ የሚሳቅበት አይደለም፣ የምፈራው ግን ያን ጊዜ ከምፈራው ይበዛል። ያቺ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ትበልጠኝ ነበር፣ በማግስቱ ጠዋት ያደረገችውን እኔ ዛሬ አልደፍረውም።

በማግስቱ ገና ነበር። ሃርሜ ለራሳችን በዓል የቋጠረችውን አይብ ጎህ ሲቀድ ጠብሳ፣ ድርሻዬን በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ሰጠችኝ። ትኩስ እንደሆነ ይዤው ሮጥኩ፣ ከወይዘሮ አስካለ በር ፊት ለፊት ካለው ትልቅ ድንጋይ ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ። እንግዶቹ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ በርዷቸው፣ ርቧቸው፣ እየተጫወቱ ገቡ። ጥቂት ቆይቶ ሳል፣ ከዚያ «ውሃ! ውሃ አምጡ!» የሚል የወንድ ድምፅ፣ ከዚያም የእትዬ ጽጌ ድምፅ ከሁሉም በላይ ተሰማ፦ «አስካለ፣ በአርባ ቀን ጾም ላይ በአሞሌ ትቀበይን? ደግሞ ማን ሠራው ልትዪን ነው?»

ወይዘሮ አስካለ የሰጠችው መልስ አልተሰማኝም።

እንግዶቹ ከወትሮው ቀድመው፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ወጡ። ያን ጊዜ ቅጠሌን ፈታሁ። ሽታው ቀድሞኝ ደረሰ መሰል፣ እትዬ ጽጌ ቆሙ፣ ተመልሰውም ወደ እኔ መጡ።

«አንቺ ልጅ፣ ምንድን ነው እሱ?»

«አይብ።»

«ማን ጠበሰልሽ?»

«እናቴ ጫልቱ። አምናም እሷ ነበረች የጠበሰችው።»

ለትልቅ ሰው ይህን ያህል ቃል ተናግሬ አላውቅም ነበር። ወይዘሮ አስካለ በሩ ላይ ቆማ ሰማች፣ ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ በእውነት ያየችኝ፣ ከእግሬ እስከ ራሴ።

በአገራችን የሚበላ ሰው አጠገቡ የቆመውን «እንብላ» ይላል። ልጅም ይላል፣ የተጣላም ይላል፣ ለጠላት እንኳ ይባላል። እናቴ ያንን ቃል ሳልል ብታየኝ ኖሮ አለንጋ ታነሳብኝ ነበር። እትዬ ጽጌ ዓይናቸውን ቅጠሉ ላይ ተክለው፣ ቃሉን እየጠበቁ ቆሙ። እሳቸውም አምና በእናቴ ስቀዋል። ቅጠሉ ላይ ሦስት ቁራጭ ነበር። አንዱን በላሁ። ሁለተኛውን በላሁ። ሦስተኛውን፣ ዓይኔን ከወይዘሮ አስካለ ላይ ሳላነሳ፣ ሁሉም እስኪሰማው ድረስ እያንኮሻኮሽኩ፣ ቀስ ብዬ በላሁት።