የተቆረጠው የደብተር ጠርዝ

እህቴ መጽሐፍ ጠራዥ ናት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚያችው ጠባብ ክፍል፣ ያንኑ ወንበርና ያንኑ ኩርፊያዋን ይዛ ተቀምጣለች። ሰፈርተኛው «ሙጫዋ» ይላታል። ስሙ ከሥራዋ የመጣ ይመስላቸዋል፤ አብሬያት የምሠራው እኔ ታናሽ ወንድሟ ግን ከጠባይዋ እንደሆነ አውቃለሁ። አንዴ የያዘችውን ነገር ብትሞት አትለቅም።

አንድ ማክሰኞ አንዲት እናት በሻርፕ የተጠቀለለ የተማሪ ደብተር ይዘው መጡ። የሞተች ልጃቸው ደብተር ነው። ማንበብ አይችሉም፤ ግን በየማለዳው ሳይሳለሙት ከቤት አይወጡም። ቅጠሎቹ መርገፍ ስለጀመሩ በቆዳ እንዲጠረዝላቸው ፈለጉ።

ገለጥ ገለጥ አደረግነው። የሒሳብ ደብተር ነው፤ ከዳር እስከ ዳር በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ በኤክስ ሆኗል። ልጅቷ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ለሒሳብ አልተፈጠረችም ነበር። ሳቄ መጣ።

«እማማ፣ ይሄ እኮ ጸሎት አይደለም፤ ሒሳብ ነው» አልኳቸው።

«ኤክሱን መች አጣሁት ልጄ? አብሬያት ያለቀስኩት እኔ አይደለሁ? ይልቅ ዳሩን እይ። ሲጨንቃት ወረቀቱን በአውራ ጣቷ ታሽ ነበር። የእጇ እድፍ ነው። እሱን እንዳትነኩብኝ።»

«አይነካም እማማ፤ እኔ አለሁ» አለች እህቴ።

ጉዱን የሠራሁት ሐሙስ ነው። በእኛ ሥራ መጽሐፍ ከተሰፋ በኋላ ዳር ዳሩ ተቆርጦ ይስተካከላል። እህቴ ክር ልትገዛ ወጣ ስትል የተሰፋውን ክምር አንስቼ አንድ በአንድ መቁረጫው ሥር አስገባሁ። እጅ ሲለምድ ዓይን ይተኛል። ተመልሳ ደብተሩን አየችው፤ ነጭ፣ ንጹሕ፣ ቀጥ ያለ።

«የቁርጥራጩን ጆንያ ድፋው» አለችኝ።

የሳምንቱ ቁርጥራጭ ወለሉን ሞላው።

«አብደሻል እንዴ? ሌላ ወረቀት ቀጥለን ትንሽ እናቆሽሸው። በምን ያውቃሉ?»

«እሳቸው ባያውቁ እኔስ? ምላስህን ሰብስብና እጅህን ዘርጋ።»

አራት ቀን ተንበርክከን ለቀምን። ሌላ ሥራ አልተቀበለችም። መስመርን ከመስመር፣ እድፍን ከእድፍ እያገናኘች ቁርጥራጮቹን በስስ ወረቀት መልሳ ለጠፈች። ጉልበቴ አለቀ፤ እሷ ግን ቀና እንኳ አላለችም። ከአርባው ቅጠል የሠላሳ ዘጠኙ ዳር ተገኘ። አንዱ የት እንደገባ እንጃ።

እናትየው ሲመጡ እህቴ የእኔን ስም አላነሳችም።

«ቃሌን በልቻለሁ እማማ። ዳሩ ተቆርጦብኛል። የቻልኩትን መልሻለሁ፤ የአንዱ ቅጠል ግን ጠፋ። ከፈቀዱ ንጹሕ ወረቀት እቀጥልበታለሁ።»

እሳቸው ቅጠሎቹን አንድ በአንድ በጣታቸው እየዳሰሱ ሄዱ። ጎዶሎው ጋ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ከዚህ በላይ አልቻልኩም።

«የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

አላዩኝም። «ተዪው» አሏት እህቴን። «ጎዶሎው ጎዶሎ ይሁን። እኔም የልጄን ቦታ በሌላ አልሞላሁትም።»

ደብተሩን ተሳለሙ። ለእህቴ አቀረቡላት፤ ተሳለመች። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረው በሁለት እጃቸው ዘረጉልኝ። አፈርኩ። አፍሬም ጎንበስ ብዬ ተሳለምኩ።